ዕጣ ጣይዋ መኪና

ይህን ለማንበብ የምታጠፉት ጊዜ እዚህ መንዝ ውስጥ ባቄላ ተጥዶ እስኪበስል ከሚፈጀው ያንሳል። ደጋ ላይ ውኃ ቶሎ ይፈላል፣ እህል ግን ቶሎ አይበስልም፤ ምክንያቱ የአየሩ ግፊት ነው። ላስረዳችሁ እችል ነበር፤ ከአሁኑ ከጀመርኩ ግን መኪናዋ ዘንድ ሳንደርስ ትበተኑብኛላችሁ። የምገባላችሁ ቃል አንድ ነው፤ ስትጨርሱ «ምነው ባቄላዬን ባማሰልኩ ኖሮ» አትሉም።

ሰው የሚያውቀውን ሰው ማመን ይከብደዋል። የማያውቀውንም አያምንም፤ ግን የማያውቀው ሰው ቢያንስ ቂም የለውም። የመጀመሪያውን ሚዛን የሠራው ሰው እህሉ ስንት እንደሚከብድ ማወቅ ፈልጎ ነው ብለው ያስተማሩን ይመስለኛል። እኔ ግን ከጎረቤቱ ጋር ተኮራርፎ ነው ባይ ነኝ። ዕጣም እንደዚያው ነው። እኩል ማካፈል የሚችል ሰው ቢኖር ዕጣ የሚባል ነገር ባልተፈጠረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፤ እኛ ዘንድ የጠረጠረም አልተረፈም፤ የማወራችሁም ስለዚሁ ነው።

መኪናዋ ቀይ ናት፤ ርዝመቷ ከክንዴ ያንሳል። ከሞላሌ ገበያ ነው የገዛኋት። ሻጩ ሪሞቷ ተሰብሮ መጣሉን አልደበቀኝም፤ «ለጌጥ ትሆንሃለች» አለኝ። ያለ ሪሞት የምትሸጥ የሪሞት መኪና ማለት በሬ የሌለው ቀንበር ማለት ናት፤ ግድግዳ ላይ ከመስቀል በቀር ሥራ የላትም። ኮምፒውተሩ ደግሞ ደብረ ብርሃን ከሚሠራው የአጎቴ ልጅ ተርፎ የደረሰኝ ነው። አንድ ሰሌዳ ብቻ ነው፤ ስክሪን የለው፣ መክደኛ የለው፣ ስፋቱ ከቀበሌ መታወቂያ ብዙም አይበልጥ። ሲያዩት የተገነጠለ የሬዲዮ ሆድ ዕቃ ይመስላል። ከስልኬ ጋር አገናኝቼ የጻፍኩለትን ትእዛዝ ግን አንድም ሳያጎድል ይፈጽማል። ጠርዙ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀጫጭን ሚስማሮች አሉት፤ በትክክለኛው ሚስማር ላይ አጭር ሽቦ ስትሰኩበት ሽቦው የሬዲዮ ማዕበል ይረጫል። እዚህ ላይ ልብ በሉ። መኪናዋ የቸገራት ሪሞቱ አይደለም፤ የሪሞቱ ድምፅ ነው።

ድምፅ ስል በጆሮ የሚሰማውን አይደለም። ደወል አስቡ። ቤታችሁ ተቀምጣችሁ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ስትሰሙ ለቅዳሴ ይሁን ለቀብር መልእክተኛ አይላክባችሁም፤ በአደዋወሉ ታውቁታላችሁ። መኪናዋም እንዲሁ ናት። መጀመሪያ አራት ረዣዥም ምት ስትሰማ «እኔን ነው» ትላለች፤ ከዚያ የሚከተሉትን አጫጭር ምቶች ትቆጥራለች። ይህን ያህል ከሆኑ ወደ ፊት፣ ያን ያህል ከሆኑ ወደ ኋላ፣ ከዚህ ካለፉ ወደ ቀኝ። ስንት ሲሆን ምን እንደምታደርግ የሚነግረኝ ስላልነበረ ኮምፒውተሩን ከአንድ ጀምሮ እያስቆጠርኩ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ከፊቷ ተቀመጥኩ። አሥር ላይ ሲደርስ ተስፈንጥራ ጉልበቴን መታችኝ።

«ምን ሆንክ?» አለች እናቴ ከጓዳ።

«ሰማችኝ» አልኳት።

ማን እንደሰማችኝ አልጠየቀችም። እናቴ ብዙ ነገር መጠየቅ ትታለች።

ሰፈሩ ኢንጂነር ይለኛል። ግማሹ አድንቆ ነው፤ ግማሹ የተማርኩትን ሁሉ ጉብታ ላይ ቆሜ ኔትወርክ እየለቀምኩ እንደተማርኩ ስለሚያውቅ ነው። ይህን የደወል ነገር ለብዙ ሰው አስረድቻለሁ። አንዱ ከብት ጠፋኝ ብሎ ተነሳ፤ ሌላው እንቅልፍ ወሰደው። እስከ መጨረሻው ያዳመጡኝ እትዬ አሰገደች ብቻ ናቸው። አጥራቸው ከአጥራችን የተያያዘ ነው፤ ባላቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ ኮምፒውተሬንም የሚያበላው የእሳቸው የሶላር መብራት ነው። የበግ ጠጉር እየፈተሉ ሰሙኝ፣ ሰሙኝና በመጨረሻ «እና መኪናዋ ማን እንደጠራት አታውቅም ማለት ነው?» አሉኝ።

«አታውቅም፤ ብቻ ከተጠራች ትሄዳለች።»

«እንዲህ ያለውን ነው የቅርጫ ዳኛ ማድረግ» አሉና ወደ እንዝርታቸው ተመለሱ።

አሁን ወደ ሥጋው እንግባ። የመንዝ ሰው በጉን አርዶ ይበላል እንጂ ምን የበሬ ቅርጫ አስገባው ትሉ ይሆናል። በግ ለቤት ነው፤ ቅርጫ ለጉርብትና ነው። ስምንት ቤት ሆነን በዓል በመጣ ቁጥር አንድ በሬ እናርዳለን። ቢላ የሚይዘው ግርማቸው ነው፤ ከየብልቱ እየቆረጠ ጋሽ ጥላዬ ደጅ ባለው መስክ ላይ፣ በባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ፣ ስምንት መደብ ያደርጋል። በደንቡ ሁሉም ከሁሉም ይደርሰዋል። ነገር ግን በሬ ሲፈጠር ለስምንት ይከፈላል ተብሎ አልተፈጠረም። ሻኛው የወፈረለት አንድ መደብ ይኖራል፤ አንገትና አጥንት የበዛበትም አንድ መደብ አይጠፋም። ይህን የሚዳኘው ዕጣ ነው። እያንዳንዱ ቤት አንድ ምልክት ያዋጣል፤ ቆርኪ፣ ስንጥር፣ ቁልፍ፣ ያገኘውን። ምልክቶቹ ባርኔጣ ውስጥ ተደባልቀው ለጋሽ ጥላዬ ይሰጣሉ። እሳቸው ምልክት ሲዋጣ ፊታቸውን አዙረው ይቆያሉና የትኛው የማን እንደሆነ አያውቁም፤ እኛ ራቅ ብለን እንቆማለን፤ እሳቸው እየዞሩ በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ይጥላሉ። የወደቀ ዕጣ አይነሳም። የወደቀበት ወደቀ ነው።

እትዬ አሰገደች ታዲያ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ፣ በመጀመሪያው ፋሲካ፣ በመስቀል፣ በገና፣ ሦስቱንም ጊዜ አንገት ደረሳቸው። በገናው መደባቸውን ሲያነሱ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ እንዲህ አሉ፤ «ባሌ ሳለ አንገት ደርሶኝ አያውቅም። ከዚህ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አያለሁ። የሚመጣው ፋሲካም እንደዚሁ ከሆነ ከቅርጫው ወጥቻለሁ፤ ዶሮዬን ሠርቼ ለብቻዬ እፈታለሁ።»

ጋሽ ጥላዬ ጋቢያቸውን አጣፉ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በሽምግልና የሚጠሩ ሰው ናቸው፤ የተሰደቡት ግን ያን ቀን ነው፣ ያውም ስማቸው ሳይነሳ። ለእኔ ደግሞ ፋሲካን ያህል ነገር ከግድግዳዬ ማዶ አንዲት ሴት ለብቻዋ ስትፈታ መስማት የሚቻል አልመሰለኝም።

ሐሳቡን ሁዳዴ እኩሌታው ላይ ለጋሽ ጥላዬ አቀረብኩ። ስምንቱ መደብ በግማሽ ክብ ይደርደር፤ መኪናዋ ከመሃል ትቁም፤ ባለቤቱ ምልክቱን ጀርባዋ ላይ ያስቀምጥ፤ ኮምፒውተሩ ቁጥር ይምረጥ፤ እሷ ሄዳ የቆመችበት መደብ የባለ ምልክቱ ይሁን። እጅ የለበትም፣ ዝምድና የለበትም፣ ቂም የለበትም። ኮምፒውተር ቁጥር በዘፈቀደ እንዴት እንደሚመርጥም አስረዳኋቸው። ጋሽ ጥላዬ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ፤ ተኝተው እንዳይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ዕጣ ጣይ ማየት የለበትም» አሉ በመጨረሻ።

«አታይም ጋሼ።»

«አንተስ?»

«ፊቴን አዞራለሁ።»

«እንዲያ ከሆነ ይሁን» አሉ። እፎይ ያሉ መሰለኝ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ ነው፤ እስካሁን በደንብ ስለያዛችሁኝ ይገባችኋል። ፊቴን ባዞርም የመጀመሪያዋን ምልክት ማን እንደሚያስቀምጥ ማወቅ እችል ነበር። ምክንያቱም የበዓሉ ጠዋት፣ ሁሉም በተሰበሰበበት፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ለአክብሮት ያህል እናቶች ይቅደሙ» አልኩ። ከቤት አባወራዎቹ መካከል ያሉት እናት ደግሞ እትዬ አሰገደች ብቻ ናቸው። «ጨዋ ልጅ» አሉ ሰዎቹ። በባርኔጣው ዘመን ቅደም ተከተል የሚባል ነገር ስላልነበረ ማንም አልጠረጠረውም። የጻፍኩት ትእዛዝ ታዲያ ከሁለተኛው ምልክት እስከ ስምንተኛው ድረስ እውነተኛ ዘፈቀደ ነበር። የመጀመሪያው ግን ቀጥ ብሎ ሦስተኛው መደብ ዘንድ ይሄዳል። ግርማቸው ሻኛ የበዛበትን ሦስተኛ አድርጎ እንደሚደረድር ለዓመታት አይቻለሁ፤ አንገቱን ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ፣ አጥሩ ጥግ ነው የሚያኖረው።

ለሳምንት ያህል ትምህርት ቤቱ ውስጥ ባለ ሲሚንቶ ወለል ላይ አለማምጃታለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ አልሳተችም።

ጋሽ ጥላዬ መኪናዋን ከሁሉም አቅጣጫ መረመሯት። የፊት መብራቶቿ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«መብራቷ ነው ጋሼ።»

«ዓይኗ ነው እንጂ» አሉ። ሁለት የባሕር ዛፍ ቅጠል በጥሰው በምራቃቸው አርጥበው መብራቶቹ ላይ ለጠፉላት። ማንም አልሳቀም፤ ደንብ ደንብ ነው። ከዚያ እኔን ትከሻዬን ይዘው ወደ አጥሩ አዞሩኝ። «አንተ እዚያ እያየህ ቁም። የምትጫነውን ተጫን።»

እንግዲህ ከዚህ ወዲያ ያለውን የሰማሁት በጆሮዬ ነው። እትዬ አሰገደች ወደ መሃል ሲራመዱ ሰማሁ። ምልክታቸው ከባላቸው ሞት ወዲህ አንዲት የአተር ፍሬ ናት፤ ይህን እንኳ እኔ፣ አጥራችን ስለተያያዘ፣ አውቅ ነበር። መኪናዋ ላይ ሲያስቀምጡት ግን «ዷ» አለ።

አተር «ዷ» አይልም።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ግርማቸው።

«ጓጉንቸር» አሉ እትዬ አሰገደች። «የቤቴ በር መቆለፊያ ነው። የአተር ነገር አልገባኝ ብሎኛል። ይኼን ነፋስም አይወስደው፣ ሰውም በጣቱ አይገፋው።»

«እትዬ፣ እሱን እኮ በሬውም አይሸከመው።»

«ዕጣ ናት፤ ትሸከም።»

ምን ማድረግ ነበረብኝ? ብናገር «ፊትህን አዙረህ ስለ ክብደቱ ምን አገባህ?» አይሉኝም? ተጫንኩ።

መኪናዋ ሦስተኛው መደብ የት እንዳለ አታውቅም፤ ይህን ልብ በሉ። የምታውቀው ሦስት ሰከንድ ወደ ፊት፣ ግማሽ ሰከንድ ወደ ቀኝ የሚለውን ብቻ ነው። መሬት ሁሉ የትምህርት ቤት ወለል ነው ብላ ታምናለች፤ መንዝን አታውቀውም። የጋሽ ጥላዬ መስክ ደግሞ ስታዩት ለጥ ያለ ነው፤ ስትቆሙበት ግን አንዱ እግራችሁ ከሌላው ያጥራል። ሦስተኛው መደብ ወደ ላይ በኩል ነበር። ሞተሯ ሲያቃስት ሰማሁ። ጎማዋ ቅጠል ላይ ሲሽከረከር ሰማሁ። ከዚያ ዝም አለች፤ ሦስት ሰከንዷ አልቋል። ከዚያ ደግሞ፣ ያለ ሞተር፣ ቀስ ያለ የመንከባለል ድምፅ ወደ ታች፣ ወደ እኔ፣ ወደ አጥሩ መጣ። ዓይኔን ሳላነሳ እግሬ ሥር አየኋት። ጓጉንቸሯን እንዳዘለች፣ ቅጠሎቿን እንደለበሰች፣ አፍንጫዋን አንገቱ ላይ አሳርፋ ቆማለች።

ዞርኩ። ስምንቱም ቤት እትዬ አሰገደችን ያያል። እሳቸው መኪናዋን ያያሉ።

«የነካት ሰው አለ?» አሉ።

«የለም» አሉ ጋሽ ጥላዬ።

«አንተስ? አይተሃል?»

«አላየሁም እትዬ» አልኩ። ማየቱን አላየሁም ነበር።

ጎንበስ ብለው ጓጉንቸራቸውን አነሱ። መደቡን ከነቅጠሉ ወደ ሰፌዳቸው አዛወሩ። ይሄዳሉ፣ አለቀ፣ ብዬ ሳስብ ቀና አሉና ሳቁ።

«እናንተ አንገት ጠልታ ነው ብላችሁ ነበር? የአንገት ወጥ እኮ ከሁሉም ይጣፍጣል። የመረረኝ ሰው ቆሞ 'ለሷ ይኼ ይበቃታል' ያለኝ መስሎኝ ነው። ይቺ እኔን ከየት ታውቀኛለች?» ከዚያ ወደ ጋሽ ጥላዬ ዞረው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «አምቻችኋለሁ፤ ይቅር በሉኝ። ለማታ ኑ፣ ወጡን ቅመሱ።»

ቀሪዎቹ ሰባት ዕጣዎች በሥርዓት ወጡ። ሻኛው ለግርማቸው ደረሰው፤ ዘፈቀደ እንደዚህ ነው፣ መልክ አይመርጥም። ሰዉ ሁሉ ጨበጠኝ። ሐቀኛ ማሽን አሉ፤ ሐቀኛ ልጅ አሉ። በዚያ መስክ ላይ ከተጣሉት ዕጣዎች ሁሉ የተጭበረበረ አንድ ብቻ ነበር ብዬ አሰብኩ፤ አጭበርባሪው ደግሞ እኔ፣ ያረመኝም ጓጉንቸር።

አልቻልኩም። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ጥላዬን ደጃቸው ላይ ብቻቸውን አገኘኋቸውና ሁሉንም ተናዘዝኩ። እናቶች ይቅደሙን፣ ሦስተኛውን መደብ፣ ሲሚንቶውን። ንስሐ አባት ቢሆኑ ኖሮ ቀኖና ይሰጡኝ ነበር። እሳቸው ግን ከመስኩ ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «አተር ክብ ነው» አሉ።

«አዎ ጋሼ።»

«ባሏ የሚያዋጣው የኮቱን ቁልፍ ነበር። ጠፍጣፋ ነው። የወደቀበት ይቀራል። ሲሞት ኮቱን ከነቁልፉ አስቀመጠችና እሷ አተር ጀመረች። በፋሲካ ጣልኳት፤ ተንከባለለች፤ ታች አጥሩ ጥግ አንገቱ ላይ ቆመች። በመስቀልም እንዲሁ። እናንተ ርቃችሁ ቆማችኋል፤ አላያችሁም።»

«ለምን አላነሷትም?»

«የወደቀ ዕጣ ይነሳል? ደግሞስ ምን ብዬ? 'ይቺ አተር የአሰገደች ናት፣ ተንከባለለችባት' ልበል? የማን እንደሆነች በምን አወቅህ አይሉኝም?» «በገናው ጊዜ አላስቻለኝም። ሻኛው ላይ፣ ከሥጋው ሥር፣ በአውራ ጣቴ ቀበር አድርጌ አኖርኳት።»

«ከዚያስ?»

«ግርማቸው 'ይኼ ወደ ታች ይንሸራተታል' ብሎ ሥጋውን ሲያስተካክል አተሯ ወጥታ ቁልቁል ተንከባለለች።»

ሁለታችንም መስኩን አየነው። ሁለት አጭበርባሪ ጎን ለጎን ተቀምጦ እንዲህ ያለ ሰላም ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር።

«ለምን አንደለድለውም?» አልኳቸው።

«ምን ብለን?»

ይህ ጥያቄ እስከ ጳጉሜን ከረመ። ምክንያቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ኢንጂነር የተባልኩት በከንቱ አይደለም። መስቀል ሲቃረብ «መስኩ ለመኪናዋ አይመችም፣ ጎማዋ ይጎዳል» ብዬ አወራሁ። በማግስቱ ስምንቱም ቤት ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ። ከሰፈሩ ውጪ ያሉም መጡ። አንዲት ባልቴት በየበዓሉ አተሯ ሲንከባለልባት ማንም ቀና ብሎ ያላየው መስክ ለአንዲት የፕላስቲክ መኪና በግማሽ ቀን ተደለደለ። ግርማቸው ውኃ ረጭቶ እየሮጠ ወዴት እንደሚፈስ አየ፤ ወዴትም አልፈሰሰም። እትዬ አሰገደችም ለቆፋሪው ጠላ ይዘው መጡ፤ «ለማሽን ብሎ የማይሠራ የለም» አሉና ቀዱልን። ጋሽ ጥላዬ ጠላቸውን ቁልቁል እያዩ ጠጡ።

በመስቀል እትዬ አሰገደች ጓጉንቸሩ በራቸው ላይ ስለነበር አተራቸውን አመጡ። ትእዛዙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈቀደ አድርጌ ጽፌዋለሁ፤ ቅደም ተከተሉንም ጋሽ ጥላዬ በባርኔጣ አደባለቁት። መኪናዋ ቅጠሏን ለብሳ በተደለደለው መስክ ላይ ቀጥ ብላ ሄደችና ሻኛው ጋ ቆመች። በላይዋ ያለችውን አተር ሁሉም አየ።

እትዬ አሰገደች ሻኛውን አዩ፤ መኪናዋን አዩ፤ ከዚያ እኔን ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አንተ ልጅ» አሉ፣ «እጅህን አስገብተሃል?»

ንጹሕ ስሆን የምናገረውን ነገር አልተለማመድኩም።

እናንተም ሞክሩት። አስቸጋሪ አይደለም፤ አንድ ትንሽ ሰሌዳ ኮምፒውተር፣ ሪሞቷ የጠፋ አንዲት መኪና፣ ከአንድ ክንድ ያነሰ ሽቦ (አታስረዝሙት፣ የሰው ሬዲዮ ትረብሻላችሁ)፣ አንድ ሙሉ ቅዳሜ፣ ብዙ የማትጠይቅ እናት። ቁጥሩን ከአንድ ጀምራችሁ ቁጠሩላት፤ አንድ ቦታ ላይ ትሰማችኋለች። ብቻ ለሰው ጉዳይ ከማሰማራታችሁ በፊት አንዲት አተር መሬቱ ላይ አስቀምጡና ወዴት እንደምትሄድ እዩ።